የሚተርፍ ኃይል

100 ኪሎ ጀርባው ላይ ጭኖ ቁጢጥ ብሎ የሚነሳ ሰው አለ እንበል። ያንኑ ብረት ከጀርባው አውርደን በፊት በኩል ከአንገቱ ስር ብናስቀምጥለት፣ 80 ወይም 85 ኪሎ ላይ ሲደርስ በቃኝ ይላል። እግሩ ያው እግር ነው። ብረቱ ከጀርባ ወደ ፊት የተጓዘው መንገድም ከስንዝር ብዙ አይበልጥም። ታዲያ 15 ወይም 20 ኪሎው የት ገባ?

አሰልጣኞች ይህን ልዩነት ከልምድ ያውቁታል፤ ክብደት ሲመድቡም አስቀድመው ይቀንሳሉ። ጥያቄው ግን በመቀነስ ብቻ አይዘጋም። ጭን ሳይደክም ሰውየው ከደከመ፣ የደከመ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ፍሮንት ስኳት የሚባለውን እንቅስቃሴ ቀርቦ፣ ረጋ ብሎ፣ ክፍል በክፍል ማየት ያስፈልጋል። ከሩቅ ለሚያየው፣ ሰው ወረደ፣ ሰው ተነሳ፤ አለቀ። ቀርቦ ለሚያየው ግን ከጣት ጫፍ እስከ ተረከዝ ሥራ ፈት አካል የሌለበት፣ የአንዱ ስንፍና በሌላው ላይ ዕዳ የሚሆንበት ሙያ ነው።

ከአቀማመጡ እንነሳ። ብረቱ እጅ ላይ ያረፈ ይመስላል፤ እጅ ግን የሚሸከመው ነገር የለም። ትከሻ ወደ ፊትና ትንሽ ወደ ላይ ሲገፋ፣ በትከሻው ጡንቻ ጉብታና በጉሮሮ መካከል ጠባብ ቦይ ይወጣል። ብረቱ የሚተኛው እዚያ ነው፤ ጉሮሮን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ተጠግቶ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ሰው የሚታነቅ ይመስለውና ብረቱን ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ያሸሸዋል። ያኔ ጉሮሮው እፎይ ይላል፤ ዋጋውን ግን ጀርባው ይከፍላል። ያወቀበት ሰው አገጩን ጥቂት ወደ ኋላ ሰብስቦ ለብረቱ ቦታ ይለቅለታል፤ ትንፋሹ እስካልተዘጋ ድረስም ያቺን ጭንቅ ይታገሳታል።

ቦዩን የሚያጸናው ክርን ነው። ክርኖቹ ከብረቱ ስር አልፈው ወደ ፊት ይወጣሉ፤ የላይኛው ክንድ ከወለሉ ጋር ትይዩ እስኪሆን፣ ወይም ለዚያ እስኪቃረብ። ክርን ከፍ ባለ ቁጥር ብረቱ ወደ አንገት ይጠጋል፤ በወረደ ቁጥር ወደ ጣት ጫፍ ይንከባለላል። ሁለቱም ክርኖች እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ከሌላው በጥቂት ዝቅ ካለ ብረቱ ያዘነብላል፤ የዚያን ዝንባሌ ሸክም ደግሞ ወገብ ይወስዳል። ስለዚህ የሠለጠነ ዓይን ጭንን ከማየቱ በፊት ክርንን ያያል።

ክብደት የሚያነሳ እጅ ይጨብጣል ብሎ ለሚያስብ ሰው የፍሮንት ስኳት እጅ ግር ይላል፤ መዳፉ ክፍት ነው። ከአመልካች ጣት ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት ጣቶች ከብረቱ ስር ገብተው እንዳይንከባለል ያግዱታል፤ ከዚያ ያለፈ ሥራ የላቸውም። ብረቱን አጥብቆ ሊይዝ የሞከረ ሰው የራሱን ክርን ወደ ታች ይጎትታል፤ የእጁ አንጓም ያለ ጥቅም ይሰቃያል። መልቀቅን መማር መያዝን ከመማር ይከብዳል፤ ሰው ከከባድ ነገር ስር ሲሆን ጣቱን የሚያዘው ፍርሃት ነውና።

አንጓው ለዚህ የማይታጠፍለት ሰውም አለ። እንዲህ ያለው ክንዶቹን ደረቱ ፊት አጣምሮ መዳፎቹን ከብረቱ ላይ ያሳርፋል፤ ሰውነት በሚገነባባቸው ጂሞች ይህ የተለመደ ነው። ሌላው ብረቱ ላይ ሁለት ማሰሪያ ጠልፎ ማሰሪያዎቹን ይይዛል። ሁለቱም ጭንን ያሠራሉ፤ የሚያሳፍር ነገር የላቸውም። የክብደት አንሺዎቹ አያያዝ የሚለየው ከመነሳቱ በኋላ የሚጠብቃቸው ሌላ ሥራ ስላለ ነው፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

ብረቱን ከማስቀመጫው የሚያነሳው እግር ነው። ማስቀመጫው ከብብት ከፍታ ጋር ይስተካከላል፤ ሰውየው ከብረቱ ስር ይገባል፣ ክርኑን ያወጣል፣ ሁለት እግሩን እኩል አቁሞ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት ወይም ሦስት አጭር እርምጃ። በዚህች አጭር መንገድ ላይ ጀማሪና ባለሙያ ይለያያሉ። ጀማሪው እግሩን ያስተካክላል፣ ደግሞ ያስተካክላል፣ ጫማውን ያያል። ባለሙያው እርምጃው የት እንደሚያበቃ አስቀድሞ ያውቃል። ከባድ ብረት ተሸክሞ መቆም ራሱ ሥራ ስለሆነ፣ ያለ ጉዳይ ያለፈች እያንዳንዷ ሰከንድ ለመነሻው ከተቀመጠው አቅም ላይ ትቀነሳለች።

እግሮቹ በትከሻ ስፋት ገደማ ይቆማሉ፤ ጣቶቹ በመጠኑ ወደ ውጭ ያያሉ። ጫማውም የራሱ ብልሃት አለው። የክብደት አንሺ ጫማ ሶሉ ደረቅ ነው፤ ተረከዙ ደግሞ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። የሩጫ ጫማ የሚወደድበት ልስላሴ እዚህ ጉዳት ነው፤ ለስላሳ ሶል ከክብደት ስር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እግር የገፋውንም ኃይል ይውጣል። የተረከዙ ከፍታ ለቁርጭምጭሚት የተሰጠ እርዳታ ነው። ለምን እንደሚያስፈልገው መውረድ ሲጀመር ይታያል።

ከመውረድ በፊት ትንፋሽ አለ። አየሩ ጠልቆ ወደ ሆድ ይሳባል፤ ሆድ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ይወጠራል፤ ጉሮሮ ይዘጋል። የታመቀው አየር አከርካሪን ከፊት በኩል ይደግፋል፤ የወገብ ጡንቻዎች ከኋላ ይይዙታል። በፍሮንት ስኳት ይህ ትንፋሽ እንደልብ አይገኝም፤ ብረቱ ደረት ላይ ተጭኗል። ብዙ አሰልጣኞች በአንድ ዙር ከ5 ድግግሞሽ በላይ ማዘዝ የማይወዱትም ለዚህ ነው። ከዚያ ባለፈ ጊዜ የጭን አቅም ገና ሳያልቅ ትንፋሹና ላይኛው ጀርባ ያልቃሉ። የደም ግፊት ያለበት ሰው እንዲህ ትንፋሹን ይዞ ከማንሳቱ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል፤ በዚያች ቅጽበት ግፊቱ በጣም ይወጣል።

አሁን ይወርዳል። ተመልካች ከጎን ቆሞ ዓይኑን ከሰውየው ላይ አንስቶ የብረቱ ጫፍ ላይ ቢያደርግ ብዙ ያያል። በደንብ በተሠራ ፍሮንት ስኳት የብረቱ ጫፍ ግንበኛ የጣለውን ቱንቢ የተከተለ ይመስል በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ይወርዳል፣ በዚያው መስመር ይመለሳል። መስመሩ የሚያርፈው የእግር መዳፍ መካከል ላይ ነው። ዳሌ ይታጠፋል፣ ጉልበት ይታጠፋል፣ ቁርጭምጭሚት ይታጠፋል። ሦስቱም በየፊናቸው በተለያየ ማዕዘን ይንቀሳቀሳሉ፤ በመካከላቸው ግን ቀጥ ያለ መንገድ ለብረቱ ያወጣሉ። ሙያው ያለው እዚህ ስምምነት ውስጥ ነው።

ከጀርባ በሚደረገው ስኳት ሰው መሸሻ አለው። ጭኑ ሲከብደው ዳሌውን ወደ ኋላ ልኮ ደረቱን ያዘነብላል፤ ሥራውም ከጭን ወደ መቀመጫና ወደ ወገብ ይተላለፋል። ብረቱ ጀርባ ላይ ስለሆነ ሚዛኑ አይጠፋም። ከፊት ሲሆን ያ መሸሻ የለም። ደረት ካዘነበለ ብረቱ ከእግር መዳፍ መካከል ወጥቶ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ከዚያ ወይ ይወድቃል፣ ወይ ሰውየውን ጣቶቹ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ደረት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ደረት ቀጥ እንዲል ደግሞ ጉልበት ወደ ፊት መሄድ ይኖርበታል፤ ብዙ ጊዜም ከእግር ጣት ያልፋል።

ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ የሚል ምክር በጂም ተደጋግሞ ይሰማል። በዚህ እንቅስቃሴ ምክሩ አይሠራም። ጤነኛ ጉልበት ላለው ሰው፣ ተረከዝ ወለሉን እስካልለቀቀና ጉልበቱ የእግር ጣቶቹን አቅጣጫ ተከትሎ እስከሄደ ድረስ፣ ወደ ፊት መሄዱ የሥራው አካል ነው። ክብደቱ ቀስ በቀስ ከተጨመረ ሰውነት ይለምደዋል። እንቅፋት የሚሆነው ቁርጭምጭሚት ነው፤ እሱ አልታጠፍም ካለ ተረከዙ ይነሳል፣ ደረቱም ያዘነብላል። የጫማው ተረከዝ ከፍ ማለቱ የሚያግዘው ይህን ነው።

ጉልበት ወደ ፊት ሲሄድ የፊት ጭን ይጫናል። አራት ክፍል ያለው ትልቅ ጡንቻ ነው፤ የታጠፈን ጉልበት የሚዘረጋው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በሁለቱም ስኳቶች ልምድ ያላቸውን ጤናማ ሰዎች መርምሮ ነበር። የጡንቻዎቹ ሥራ በሁለቱ ስኳቶች ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ፍሮንት ስኳት የተሠራው ግን በቀለለ ብረት ነበር፤ ጉልበት ላይ ያረፈው የመጨፍለቅ ጫናም ያንስ ነበር። እንግዲህ ያ 15 ወይም 20 ኪሎ ከእግር አልጎደለም። እግር በቀለለ ብረት ድርሻውን ሠርቷል።

የጎደለው ከላይ ነው። ብረቱ ከአከርካሪው ፊት ስለተቀመጠ ላይኛውን ጀርባ ወደ ፊት ሊያጎብጠው ያለማቋረጥ ይታገላል። በትከሻ አጥንቶች መካከልና በአከርካሪው ግራና ቀኝ ያሉት ጡንቻዎች ከመጀመሪያዋ ቅጽበት እስከ መጨረሻዋ ሳያርፉ አንጎብጥም ብለው ይቆማሉ። የእነሱ አቅም ከእግር አቅም ያንሳል፤ የሚነሳው ክብደትም በእነሱ ልክ ይሆናል። እግሩን ሊያጠነክር የመጣ ሰው ጀርባውን ሳያሠለጥን እግሩ ጋ አይደርስም። ብዙዎች ፍሮንት ስኳትን ጀምረው የሚተዉት ይህን ሳያውቁ ነው፤ እግራቸው ሳይደክም ብረቱ ሲወድቅባቸው ጊዜያቸውን ያባከኑ ይመስላቸዋል።

ወደ ታች እንመለስ። የዳሌ መታጠፊያ ከጉልበት አናት ዝቅ ሲል ስኳቱ ሙሉ ሆነ ይባላል። ክብደት አንሺዎች ከዚያም አልፈው የኋላ ጭናቸው ባታቸው ላይ እስኪያርፍ ይወርዳሉ። በዚህ ጥልቀት ላይ አንድ ስውር ስህተት አለ፤ ዳሌ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ታችኛው ጀርባ ይጎብጣል። ጥልቀቱ የተገኘ ይመስላል፤ የተገኘው ግን ከወገብ ተበድሮ ነው። ዳሌው እስከፈቀደለት ድረስ ወርዶ እዚያ የሚቆም ሰው፣ ከእሱ በሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ወገቡን ካጎበጠው ሰው የተሻለ ሠርቷል።

ከዚያ ጥልቀት የሚወጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው መንጠር ነው። በፍጥነት የተለጠጠ ጡንቻና ጅማት መልሶ ይሰበሰባል፤ ያቺን ቅጽበት ጠብቆ የገፋ ሰው ጭኑ ያልደከመበት ኃይል ያገኛል። የውድድር ብረትም ያግዘዋል። የወንዶች ብረት 2.2 ሜትር ርዝመትና 20 ኪሎ ክብደት አለው፤ መያዣው 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ጫፎቹ ላይ ከባድ ዲስክ ሲደረደር ብረቱ ይለመጣል። ሰውየው ታች ሲደርስ ጫፎቹ ለቅጽበት መውረዳቸውን ይቀጥላሉ፤ ከዚያ ይመለሳሉ። መመለሳቸውን በትክክል ያገኘ ሰው ከብረቱ ጋር ይነሳል። የቀደመ ወይም የዘገየ ከብረቱ ጋር ይጋጫል።

ሁለተኛው መንገድ ይህን እርዳታ አልፈልግም ማለት ነው። ሰውየው ታች ደርሶ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ይቆማል፤ ከዚያ ይነሳል። ፖዝ ፍሮንት ስኳት የሚባለው ይህ ነው፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ሳይሆን አይቀርም። መቆሙ ማረፍ አይደለም። ሆዱ እንደተወጠረ፣ ክርኑ እንደተነሳ፣ ጉልበቱ ወደ ውጭ እንደተገፋ ነው። ከመለጠጥ የተገኘው ንጥረት በእነዚያ ሰከንዶች ይከስማል፤ መነሳቱ ሙሉ በሙሉ ጭን ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ክብደቱ መቀነስ አለበት። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን የሚያዘው ለማክበድም ለማየትም ነው። በፍጥነት ውስጥ ተሸፍኖ የነበረ ስህተት ሁሉ እዚያ ይወጣል፤ የሚጎብጠው ወገብ፣ የሚወርደው ክርን፣ ወደ ውስጥ የሚገባው ጉልበት።

መነሳቱ ከክርን ይጀምራል ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። እግር ወለሉን በሚገፋበት ቅጽበት ክርን ወደ ላይ ይገፋል። ደረትና ዳሌ በአንድ ፍጥነት መነሳት አለባቸው። ዳሌ ቀድሞ ከወጣ ጭን ሥራውን ለሌላ ጥሏል ማለት ነው፤ ደረት ይወድቃል፣ ክርን ይወርዳል፣ ብረቱ ይንከባለላል። ጭን ከወለሉ ጋር ትይዩ ከሆነበት ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ አንድ ክፉ ቦታ አለ። ብረቱ እዚያ ሲደርስ ይዘገያል፤ አንዳንዴ የቆመ ይመስላል። ከታች የመጣው ንጥረት አልቋል፤ መገጣጠሚያዎቹ ገና ምቹ ማዕዘን ላይ አልደረሱም። ጀማሪ እዚህ ይወዛወዛል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል፣ አንድ ጉልበቱን ወደ ውስጥ ያስገባል። ባለሙያው ምንም አይጨምርም። ቅርጹን ጠብቆ መግፋቱን ይቀጥላል፤ ክፉው ቦታ አጭር እንደሆነ ያውቃል።

ካልሆነለትም ይጥለዋል። በዚህ በኩል ፍሮንት ስኳት ደግ ነው። ብረቱ ከፊት ስለሆነ ክርንን ዝቅ አድርጎ ወደ ኋላ መሸሽ ይበቃል፤ ጀርባ ላይ ያለ ብረት እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። የጎማ ዲስክና የጎማ ወለል በሌለበት ጂም ግን ከግራና ከቀኝ ብረቱን የሚቀበሉት መከላከያዎች በልካቸው መቀመጥ አለባቸው። መጣልን በባዶ ብረት አስቀድሞ ያልተለማመደ ሰው በከባዱ ቀን አይማረውም።

የፍሮንት ስኳት ዋና ቤቱ የክብደት ማንሳት ውድድር ነው። ክሊን ኤንድ ጀርክ በሚባለው ስልት አንሺው ብረቱን ከወለል ጎትቶ ከስሩ ይገባል፤ ቁጢጥ ብሎ በትከሻው ይቀበለዋል፤ ይነሳል፤ ከዚያ ከትከሻው ወደ ራሱ በላይ ይወነጭፈዋል። ተመልካች የሚያስታውሰው ጉተታውንና መወንጨፉን ነው። በመካከል ያለው መነሳት ግን ፍሮንት ስኳት ነው፤ ያውም ተዘጋጅተው በእርጋታ የወረዱበት ሳይሆን፣ በሩጫ ከብረቱ ስር የገቡበት። የተከፈተው መዳፍ፣ ከፍ ያለው ክርን፣ ቀጥ ያለው ደረት ሁሉ እዚህ ምክንያታቸውን ያገኛሉ። ክርኑ የወረደ አንሺ ብረቱን ተቀብሎ ቢነሳ እንኳ የሚወነጭፍበት መነሻ የለውም።

በዚህ ሙያ ታሪክ ቡልጋሪያ ልዩ ቦታ አላት። ኢቫን አባድዚዬቭ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1957 የዓለም ሻምፒዮና የብር ሜዳሊያ ያገኘ አንሺ ነበር። አሰልጣኝ ሲሆን የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ከዓመት ዓመት እየገረዘ ጥቂት እንቅስቃሴዎች ብቻ አስቀረ፤ ብረቱ በአንድ ጉተታ ከወለል እስከ ራስ በላይ የሚነሳበት ስናች፣ ክሊን ኤንድ ጀርክ፣ የእነሱ የቅርብ ዘመዶች፣ ከዚያ ስኳት። ከስኳቶቹም ፍሮንት ስኳት ትልቁን ቦታ ያዘ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ሰውነት የሚለምደው የሚሠራውን ነው፤ በውድድር በማይገኝ አቋም ላይ ጉልበት ማፍሰስ አያስፈልግም። ይህን በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ለአቅም ጣሪያ በቀረበ ክብደት አስደረጋቸው።

ከዚህ ልምምድ የወጣው ታላቁ ሰው ናይም ሱሌይማኖግሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ቡልጋሪያ ውስጥ ከቱርክ ተወላጆች ተወለደ። መንግሥት የእነዚህን ተወላጆች ስም በግድ ሲቀይር የእሱም ስም ተቀየረ። በ1986 ለውድድር በሄደበት በሜልበርን ከቡድኑ ጠፍቶ ወደ ቱርክ ገባ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በቱርክ ማሊያ ሴኡል ኦሊምፒክ ላይ ቆመ። ቁመቱ 1.47 ሜትር ነበር፤ የሚወዳደረው በ60 ኪሎ ምድብ ነበር። በስናች 152.5 ኪሎ፣ በክሊን ኤንድ ጀርክ 190 ኪሎ፣ በድምሩ 342.5 ኪሎ አነሳ። ሁለተኛ የወጣው ስቴፋን ቶፑሮቭ በድምር 312.5 ኪሎ ነበረው። ቶፑሮቭ ተራ ሰው አልነበረም፤ በ1983 የሰውነቱን ክብደት ሦስት እጥፍ፣ 180 ኪሎ፣ ወደ ራሱ በላይ ያነሳ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ናይም በ30 ኪሎ የበለጠው እንዲህ ያለውን ሰው ነው።

አጭርነቱ ረድቶታል ማለት ይቻላል፤ አጭር ጭን ያለው ሰው ብረቱን የሚያመላልስበት መንገድ ያጥርለታል። ነገር ግን በ60 ኪሎ ምድብ ረጅም ሰው አይገኝም። ቁመት ምድቡን ያስረዳ ይሆናል፤ በምድቡ ውስጥ ያለውን 30 ኪሎ አያስረዳም። በተነሳው ክብደት ብቻ ከሆነ የበለጡት አሉ፤ ጆርጂያዊው ላሻ ታላካዜ እ.ኤ.አ. በ2021 ታሽኬንት ላይ በክሊን ኤንድ ጀርክ 267 ኪሎ አንስቶ የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግቧል። እሱ ግን ራሱ ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰው ነው። 190 ኪሎ ከ60 ኪሎ ሰው ላይ ሲያርፍ ለስህተት የተተወ ቦታ አይኖርም። ብረቱ በሁለት ጣት ወደ ፊት ቢያመልጥ መልሶ የሚስብበት ትርፍ ሥጋ የለውም።

190ውን ተሸክሞ ከዚያ ጥልቀት መነሳት ብቻውን የሚያስደንቅ ሆኖ ሳለ፣ ለናይም ግን ሥራው ገና ነበር። ብረቱን ከትከሻ ወደ ላይ ለመወንጨፍ አንሺው በጉልበቱ ጥቂት ይወርድና በኃይል ይነሳል፤ የሚገፋው ያው አሁን የተነሳበት ጭን ነው። በየውድድሩ ከታች ተንቀጥቅጦ የተነሳ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ከዚያ ግን ወደ ላይ መግፋት ያቃተው አንሺ ይታያል። ኃይሉን መነሳቱ ላይ ከፍሎታል፤ ለሚቀጥለው የተረፈው የለም። የፍሮንት ስኳት ጥራት የሚለካበት እዚህ ነው። ጥሩ የተሠራ መነሳት ሲያልቅ በጭኑ ውስጥ ለሌላ ሥራ የሚበቃ ኃይል ይተዋል። ቀጥ ያለው መስመር፣ ያልወረደው ክርን፣ በጊዜው የተያዘው ንጥረት ሁሉ የሚያገለግሉት ይህን ቁጠባ ነው።

የዚያ ዘመን ሌላ ገጽም መታየት አለበት። በዚያው ሴኡል ሁለት የቡልጋሪያ ባለ ወርቅ አንሺዎች የተከለከለ መድኃኒት ተገኝቶባቸው ሜዳሊያቸውን ተነጠቁ፤ ቡድኑም ከውድድሩ ወጣ። በየቀኑ ለጣሪያ የቀረበ ክብደት ማንሳትም ብዙ ወጣቶችን ከመንገድ አስቀርቷል፤ የምናውቃቸው የተረፉትን ነው። ከዚያ የቡልጋሪያ ልምምድ ለተራ ሰው የሚወሰደው አሠራሩ ነው፤ የክብደቱና የድግግሞሹ ብዛት መቅረት አለበት።

ተራው ሰው በባዶ ብረት ይጀምር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠለጥኑት አንጓ፣ ቁርጭምጭሚትና ላይኛው ጀርባ ናቸው፤ ጭን ይጠብቅ። ከዚያ በዙር ከ3 እስከ 5 ድግግሞሽ ይበቃል፤ ክብደቱ በ2.5 ኪሎ ይጨመር። ከጎን በኩል በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ የብረቱን መስመር ያሳያል፤ መስታወት ፊት መቆም ግን ይህን አያሳይም። የዙሩ መጨረሻ የሚታወቀው በክርን ነው። ክርን ወርዶ አልነሳ ካለ ጭን ገና ቢቀረውም ዙሩ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ድግግሞሽ የሚያስተምረው ነገር ቢኖር ተጎንብሶ መነሳትን ነው።

ጂም ውስጥ ማን በደንብ እንደሠራ ለማወቅ የዲስኩን ቀለም፣ ቀዩን 25 እና ሰማያዊውን 20፣ መደመር አያስፈልግም። የመጨረሻውን ድግግሞሽ ከመጀመሪያው ጋር ማስተያየት ይበቃል። ፍጥነቱ ቢቀንስ ምንም አይደለም፤ ከባድ ነገር ይዘገያል። መስመሩ፣ ክርኑና ደረቱ ግን መጀመሪያ የነበሩበት ቦታ ላይ መሆን አለባቸው። ከዚያም ብረቱን ወደ ማስቀመጫው ሲመልስ እርምጃውን መመልከት ነው። ሳይወላገድ ተራምዶ በልኩ ካስቀመጠው፣ በሚቀጥለው ሳምንት 2.5 ኪሎ ይጨመርለት። የተወላገደው በዚያው ክብደት ይቆይ፤ ቁጥሩን አንስቶት ይሆናል፣ ሥራውን ግን ገና አልጨረሰውም።